ከጆንያው አፍ

ሰኞ

ዛሬ ወፎቹ ወደ ሀይቁ ገቡ። ሰማዩ እንደ ተቀደደ ጆንያ ሲያራግፋቸው ዋለ። ሚስቴ በህይወት ሳለች ደጅ ወጥታ "እንኳን ደህና መጣችሁ! ተቀመጡ እንጂ!" ትላቸው ነበር። እኔ አልላቸውም። ወፍ ምን ይመልስልኛል።

ይህ ደብተር የሷ ነው። ፊት ፊቱ የደንበኞቿ ልክ ነው፤ ትከሻ፣ ወገብ፣ የክንድ ርዝመት። እኔ ከጀርባው ገልብጬ ጀመርኩ። ፊደል ያስቆጠረችኝም እሷ ናት፤ ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ፣ በልብስ ጠመኔ፣ በጥቁር ጨርቅ ላይ። ሀ ሶስት አይነት ነው ስትለኝ "ሁለቱን ለማን አስቀምጠውት ነው?" ብያት መርፌዋ እስኪወድቅ ሳቀች። እኔ አንዱን ብቻ ነው የምጽፈው። ማንም ስለማያነበው ማንም አይቆጣኝም።

ልጄ መጣች። የእንስሳት ሀኪም ናት፤ አሁን ግን ስራዋ ሁሉ ወፍና ዶሮ ሆኗል። ከነጓደኞቿ ለወራት እዚህ ልትሰራ ነው። "ግቢ" ብላት በር ላይ ቆመች።

"አባዬ፣ ጫማዬ ከሰው ዶሮ ቤት ነው የመጣው። ላንተ ዶሮዎች በሽታ ይዤ አልገባም።"

የወለድኳት ልጅ ከአጥር ወዲያ፣ እኔ ከአጥር ወዲህ። እንደ ቆጣሪ አንባቢ ሸኘኋት።

ረቡእ

አራት ናቸው። ልጄ አንድ። ረጅሙ የሰው ሀኪም፤ በኛ በር ሲገባ ለበሩ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላል። ወፍ ቆጣሪው፤ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ሀይቅ ዳር የሚውል። እና አንዲት ጠያቂ። ይቺኛዋ መርፌም የላት፣ መነጽርም የላት። ስራዋ ሰው ቤት ገብቶ "ዶሮዎቹን ማን ነው የሚመግበው? ሲታመሙ ምን ታደርጋላችሁ?" ማለት ነው። ለዚህም ትልቅ ትምህርት ቤት ገብታ ተምራለች። ጎረቤቴ ጎማ ጠጋኙ "ለወሬ ደሞዝ ካለማ የኔ ሚስት ጡረታ ወጥታ ነበር" አለና አሳቀኝ።

የሚያጠኑት የወፍ ጉንፋን ነው። ልጄን "ለጉንፋን አራት ምሁር?" አልኳት።

"ስሙ ነው ቀላል አባዬ። ከወፍ ወደ ዶሮ፣ ከዶሮ ወደ ሰው ሲሻገር አንድ ሰው ብቻውን አያየውም። ወፉን ያኛው ያያል፣ ዶሮዋን እኔ፣ ሰውን ረጅሙ። አብረን ካልቆምን በመሀላችን ሾልኮ ያልፋል።"

"ጠያቂዋስ?"

"እሷ መሀሉን ነው የምታየው።"

አልገባኝም። ገባኝ አልኩ።

አርብ

በተከራዩት ቤት በኩል ሳልፍ መስኮቱ ክፍት ነበር። ቆሜ አልሰማሁም፤ ጫማዬን እያሰርኩ ነው።

ያለፈው አመት ገንዘብ ለሙከራ የተሰጠ ነው ለካ። ሰጪዎቹ ወፎቹ ወደ አገራቸው ሳይመለሱ በፊት መጥተው ያያሉ፤ ከወደዱት ለብዙ አመት ይሰጧቸዋል፣ ካልወደዱት ይዘጋል። ከተዘጋ አራቱም በየፊናቸው ነው። ልጄን አንድ ሩቅ አገር ያለ ቤተ ሙከራ ጠርቷታል።

ረጅሙ "በየቤቱ የምንዞርበት መኪና የለንም። ሰዎቹ ዶሮዎቻቸውን ያምጡልን" አለ።

ጠያቂዋ "ሰው የሚያመጣውና ቤቱ ያለው አንድ አይደለም" አለች።

ልጄ "ሌላ ምርጫ የለንም" አለች።

ትሂድ። ትልቅ ሰው ናት። እኔ ዶሮዎቼ አሉልኝ።

ማክሰኞ

ከየቤቱ ለናሙና የሚሆኑ ዶሮዎችና ዳክዬዎች ቅዳሜ ጠዋት ወደ አዳራሹ ይምጡ ተብሎ በድምጽ ማጉያ ተለፈፈ። ጎማ ጠጋኙ ዳክዬ ነው የሚያረባው። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣ።

"ናሙና ማለት ምንድን ነው? አንተ የሀኪሟ አባት ነህ።"

ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም። እድሜዬን የጨረስኩት እህል መጋዘን ነው። ተሸካሚ ሆኜ ገብቼ መዛኝ ሆኜ ወጣሁ። ናሙና የማሳየው እኔ ነበርኩ። ገዢ ሲመጣ ጆንያውን ትፈታዋለህ፤ አፉ ላይ የተበጠረ፣ የተለቀመ፣ እንደ ዶቃ የሚያበራ እህል አለ። በመዳፍህ ዘግነህ ብርሀን ላይ ታሳየዋለህ። ናሙና ማለት እሱ ነው። አንዳንድ ተጠራጣሪ ገዢ ደግሞ ነበር፣ ሹል ብረት ይዞ የሚመጣ። ውስጡ ክፍት ነው ብረቱ። የጆንያውን ሆድ ወግቶ ከመሀል ያለውን ያወጣዋል። አለቃችን "ዛሬ ባለብረቱ መጣ" ሲለን የሁላችንም ፊት ይጠቁር ነበር። ይህን ለጎማ ጠጋኙ አልነገርኩትም። ምን ያደርግለታል።

"የሚያምሩትን ይዘህ ና። ሰፈራችንን የሚያስመሰግኑትን" አልኩት።

"አንተ ካልክማ" ብሎ ሄደ። አመሻሹ ላይ ሴቶችም መጥተው ጠየቁኝ። ያንኑ ነገርኳቸው።

አርብ

አጠብኳቸው። በሳሙና። ቀዩ አውራ ዶሮ እጄን ወጋኝ፣ ባለጌ ነው።

ጥቁሯ ታስነጥሳለች። ነጠብጣቧም። ሌሎችም ላባቸውን ነፍተው ቆመዋል። ሚስቴ ትሰፋበት የነበረው ክፍል ውስጥ አስገባኋቸው። ብርድ እንዳይመታቸው ነው። ሌላ ምክንያት የለውም።

ቅዳሜ

አዳራሹ ሰርግ መሰለ። የማን ዶሮ ያልታጠበ አለ! ጎማ ጠጋኙ ዳክዬዎቹ አንገት ላይ ቀይ ክር አስሮ መጥቷል። ወፍ ቆጣሪው "በህይወቴ እንዲህ ያሉ ዶሮዎች አይቼ አላውቅም፤ ፎቶ ልንነሳ ነው እንዴ?" አለ። ኮራሁ።

ልጄ እያንዳንዷን በጥጥ እየጠረገች መጥታ የኔ ጋ ስትደርስ ቀና አለች።

"ጥቁሯስ? የእማዬ?"

"ታቅፋለች።"

"በዚህ ብርድ?"

"እሷን ጠይቂያት።"

ሳቀች። ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

ያቺን ጥቁር ዶሮ ሚስቴ በእጇ ነው ያስፈለፈለቻት፤ የመጨረሻዋ ናት። ሚስቴ ታማ የተኛች ጊዜ ዶሮዋ አልጋው እግር ስር ትመጣና ትቀመጥ ነበር። ማባረር የኔ ስራ ነበር፤ አላባረርኳትም።

ከዛ ረጅሙ የባለዶሮዎቹንም ጉሮሮ ይጠርግ ጀመር። "ናሙና ልውሰድ አባት" አለኝ። ጠዋት ጥርሴን ፍቄ፣ በጨው ውሀ ደጋግሜ ተጉመጥምጬ ነበር የሄድኩት። ሀኪምን በንጹህ አፍ መቀበል ጨዋነት ነው።

"ያስልዎታል?"

"ምን ቆርጦኝ!"

ቤት እስክደርስ ያዝኩት። ከደረስኩ በኋላ ትንሽ ሳልኩ። የአቧራው ነው።

ሀሙስ

ንጹህ! የሁሉም ዶሮ፣ የሁሉም ዳክዬ፣ የሁሉም ሰው። ጎማ ጠጋኙ መንገድ ላይ አቅፎኝ ሸሚዜን ግሪስ በግሪስ አደረገው።

ልጄ ከአጥር ወዲያ መጣች። ፊቷን ጥላለች።

"ደስ አይልሽም?"

"ይለኛል።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ሀይቁ ላይ ያሉት ወፎች በሽታው አለባቸው አባዬ። ወፍ ቆጣሪው የሞቱ አምጥቶ መርምሬአቸዋለሁ። የዛኑ ሀይቅ ውሀ የሚጠጡት ዳክዬዎች ግን የለባቸውም። እንዴት ሆኖ?"

"ጠንካራ ናቸዋ።"

አየችኝ። እናቷ ልክ ስትለካ እንደዛ ነበር የምታየው፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ትከሻህን ታውቀዋለች። ደግነቱ ስልኳ ጮኸ።

ቅዳሜ

ነጠብጣቧ ሞተች። አጥሩ ስር ቀበርኳት። እድሜ ነው።

ጥቁሯ የስፌት መኪናው ላይ ወጥታ ቁጭ ብላለች። አይኗ አብጧል። የሞቀ ውሀ አደረግኩላት። ልጄን ልጠራት በሩ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ምን ብዬ? "እስከ ትናንት ደህና ነበረች" ብዬ?

ጉንፋን ነው። እኔም ይዞኛል። ያልፋል።

ማክሰኞ

ገንዘብ ሰጪዎቹ መጡ። አለቃቸው ግራጫ ኮት የለበሰች ሴትዮ ናት፤ ስትቀመጥ ኮቷ አይጨማደድም። ወንበር ስላጠራቸው የኔን ወሰድኩላቸው፤ ወሰድኩና ወንበሬን ልጠብቅ ብዬ ጥግ ላይ ቆምኩ።

"ውጤታችሁን አይተናል፤ እንኳን ደስ ያላችሁ" አለች። "ነገር ግን በሽታ ለሌለበት ቦታ ለብዙ አመት መክፈል ይከብደናል። ምናልባት አነስ አድርገን። ቤተ ሙከራው ብቻውን ሊቀጥል ይችላል። ወፍ መቁጠሩና..." ጠያቂዋን በአይኗ ፈለገቻት። "...የቤት ለቤት ጭውውቱ የግድ አስፈላጊ አልመሰለንም።"

ጭውውት አለችው። እኔም ወሬ ነበር የምለው፤ ከሷ አፍ ሲወጣ ግን አላማረኝም።

ልጄ "ከተቀነሰ የምንቀነሰው አራታችንም ነን" አለች። ረጅሙ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ተቃውሞ ይሁን ድጋፍ አልለየሁም። የመጨረሻውን ውሳኔ ሀሙስ ጠዋት እንነግራችኋለን ተባሉ።

ሲወጡ ወፍ ቆጣሪው ልጄን "ያንቺ የሩቅ አገር ቲኬት ተቆርጧል በይው" ሲላት ሰማሁ።

ወንበሬን ሳልወስድ መጣሁ።

ረቡእ፣ ማታ

ጠያቂዋ ልትሰናበተኝ መጣች። ደጅ ላይ አስቀመጥኳት፤ ሻይ ሰጠኋት። ስለ ጉልበቴ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። ከዛ "አባባ፣ ያልጠየቅኩዎት አንድ ነገር አለ" አለች።

"አንድ ብቻ? ምነው፣ አመመሽ?"

ሳቀች። "ናሙና አምጡ ሲባል ምን መስሎዎት ነው ያመጡት?"

የሞኝ ጥያቄ መሰለኝ። እንደ ልጅ አስረዳኋት። ስለ ጆንያው፣ ስለ አፉ፣ ስለ መዳፌ። ለጎማ ጠጋኙም ለሴቶቹም እንዴት እንደነገርኳቸው። የያዘችው ብርጭቆ ከከንፈሯ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

"የማያምሩትስ?" አለች፤ ቀስ ብላ።

"ቤት ቀሩ።"

"የሁሉም ሰው?"

"የሰውን እኔ ምን አውቃለሁ። የኔማ..."

ይህን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ጥቁሯ አስነጠሰች። ዶሮ ስታስነጥስ እንደ ህጻን ነው። ሁለታችንም ሰማን።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር፤ መመለስ እችላለሁ። ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠችና "ነገ ጠዋት ስብሰባ አለ" አለች። "እስከዛ ዝም እላለሁ። ከዛ በላይ ግን አልችልም አባባ። ወደዛ ክፍል አይግቡ፤ እጅዎን ደህና አድርገው ይታጠቡ።"

"ሻይሽን ጠጪና ሂጂ" አልኳት። ሳትጠጣ ሄደች።

እኔ እኮ ተሳሳትኩ ማለት እችላለሁ። መዛኝ ነበርኩ፣ ናሙና ሲሉኝ የመጋዘኑ መሰለኝ። እውነት ነው። ማንም ያምነኛል። ጠያቂዋም አምናኛለች መሰለኝ። ግን ብረቱንም አውቀዋለሁ። ሆድ እንዴት እንደሚወጋ ሲያሳዩኝ ነው ያረጀሁት። አርብ ጠዋት ጥቁሯን አቅፌ ወደዛ ክፍል ስገባ ምን እያሰብኩ ነበር? ብርዱን ነው ብዬ ጽፌአለሁ። እላይ አለ። አልሰርዘውም።

ከነገርኩ ዶሮዎቹን ይወስዷቸዋል። ከሚስቴ የቀረኝ ያ ክፍልና እነሱ ናቸው። ካልነገርኩ ልጄ ትሄዳለች። "ሰፈሩ ንጹህ ነው" ብላ፣ በኔ ቃል ተማምና።

ከአጥሩ ውጭ ሰው የቆመ መሰለኝ። ውሻ ይሆናል።

ሀሙስ

"ወንበሬን ልወስድ ነው" ብዬ ገባሁ። ግራጫ ኮቷ እየተናገረች ነበር። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ወንበሬ ላይ የተቀመጠው ወፍ ቆጣሪው ነበር፤ ሊነሳልኝ ሲል "ተቀመጥ" አልኩት።

"የሰጠናችሁ የሻጭ ናሙና ነው" አልኩ። "የጆንያውን አፍ ነው ያያችሁት። ሆዱ ቤት ነው። የኔ ታማለች። የሌላውንም ያስቀረሁት እኔ ነኝ፣ የሚያምረውን አምጡ ብዬ።"

ልጄ እስክሪብቶዋን አነሳች።

"ስንት ናቸው? መቼ ጀመራቸው? የሞተች አለች? የት ቀበሯት?"

ቀበሯት። እርስዎ አለችኝ። ልጄ እርስዎ አለችኝ። ለባለዶሮ ሁሉ እንደምትጠይቀው ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ ባለዶሮ መለስኩ።

"እርስዎንስ ያስልዎታል?"

"አያስለኝም።"

ጻፈችው።

ግራጫ ኮቷ "ይህን ከናንተ ማን ደረሰበት?" አለች። ረጅሙ፣ ማታ እኔ ደጅ እንደነበረች ያውቃል መሰለኝ፣ ከዛ ሁሉ ቁመቱ ጎንበስ ብሎ በአገጩ ጠያቂዋን አሳየ። ጠያቂዋ ጫማዋን ነበር የምታየው። ሴትዮዋ ወደ ሹፌሯ ዞራ "ዛሬ አንሄድም" አለችው።

አርብ

መጡ። ነጭ ልብስ፣ ጓንት፣ አፍና አፍንጫቸው ተሸፍኗል። ልጄን በአረማመዷ ነው የለየኋት፤ የእናቷ ነው። ስንት ጊዜ ግቢ ብያት ያልገባች ልጅ ዛሬ ገባች።

ከሁሉም ናሙና ወሰዱ። ከሚያምሩትም፣ ከማያምሩትም። እኔን ረጅሙ "አፍዎን" ሲለኝ "ዶሮዎቹን አግኝታችኋል፣ እኔን ተዉኝ" ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ከቤት እንዳልወጣ በመስኮት ነገረኝ። የት ልሄድ።

ማክሰኞ

አለባቸው። የጎማ ጠጋኙ ዳክዬዎችም፤ ቤት የቀሩት። የሴቶቹም። ቀላሉ አይነት ነው አሉ፣ ግን ቀላሉ ውሎ አድሮ ወደ ከባዱ ሊለወጥ ይችላል። በጊዜ ተያዘ አሉ።

ሁሉንም ወሰዷቸው። ባለጌውንም። ጥቁሯን ከስፌት መኪናው ላይ ያነሳቻት ልጄ ናት። "የእማዬ" ስትል ሰማኋት፤ ከዛ ልብስ ውስጥ ድምጿ ከጉድጓድ እንደሚመጣ ነው። እኔ ልያዛት አልኩ። በእጇ ከለከለችኝ። ጥቁሯ አልተፈራገጠችም። እኔም።

ጎማ ጠጋኙ ከአጥሩ ወዲያ "ያንተ ናሙና ዳክዬዎቼን ጨረሰብኝ!" ብሎ ጮኸ። እውነቱን ነው። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት። ጮክ ብዬ ደግሜ እንድነግረው አስገደደኝ፤ ጎማ ሲነፋ ኖሮ ጆሮው ደክሟል። ነገርኩት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ሀሙስ

ጠያቂዋ በመስኮት መጣች። ገንዘቡ ተፈቀደ። ለአራቱም። የጠየቁትን ያህል አይደለም፤ የወፍ ቆጣሪው ጀልባ ተሰርዟል፣ "እዋኛለሁ" ብሏል። በየቤቱ መዞሪያ መኪና ግን ተሰጣቸው፤ ከፊት የምትገባው ጠያቂዋ ናት።

"ልጅዎ ቀረች" አለችኝ።

"እንዳሻት" አልኩ። መስኮቱን ዘግቼ አልጋ ላይ ተቀመጥኩ። ሳሉ ከዛ ያዘኝ፤ ቶሎ አልለቀቀኝም።

ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዶሮ ይህን ያህል ያወራ እንደነበር አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ

ጠዋት ልጄና ረጅሙ መጡ። አፋቸውን ሸፍነዋል። ልጄ ባትሪ ይዛለች። ዛሬስ በሩን እንደማልዘጋ በምን እንዳወቁ እንጃ። የጨው ውሀዬን በኩባያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሀኪም በሩን ሲመታ የለመድኩት ነው። አንስቼ ወደ አፌ ሳስጠጋ፣

"አባዬ" አለች።

ኩባያው እጄ ላይ ቀረ።

"ሁልጊዜ ማታ እዚህ አጥር ስር ቆሜ ሳልህን ስሰማ ነው የሰነበትኩት።"

ውሻ አልነበረም ለካ።

ረጅሙ ጥጡን አወጣ። "ያስልዎታል አባት?"

"ያስለኛል" አልኩ። "ዶሮዎቹን ከጀመራቸው ጀምሮ።"

"ክፈት አባዬ" አለች ልጄ፤ ባትሪውን አበራች።

ኩባያውን መስኮቱ ላይ አስቀመጥኩት። ጥርሴን አልፋቅኩም፣ አልተጉመጠመጥኩም፣ ሌሊቱን ስስል አድሬአለሁ። እንዳለሁ ከፈትኩላቸው።